«ሲስተም የለም» ከማለትህ በፊት

ቁጭ በል ወዳጄ። አቦሉን ጠጥተናል፤ ቶናው ጀበናው ውስጥ እስኪሰክን አንድ ነገር ላጫውትህ። በድሬዳዋ ቀትር ቡና ላይ የሚቸኩል ሰው የለም፤ ፀሐይዋ ዘወር እስክትል ሱቁም ሰዉም ጋደም ይላል፣ አመሻሽ ላይ ከተማው እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ጊዜ አለን።

በአገራችን በየመስኮቱ ፊት ወረፋ ይዘህ ስትቆም አብዝተህ የሰማኸው ነገር ምንድን ነው? እኔ ልመልስልህ፤ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ገንዘብ ልታወጣ ሄደህ ሲስተም የለም፣ ደረሰኝ ልታስቆርጥ ሄደህ ሲስተም የለም። እሺ፣ ሲስተሙ የት ሄደ? ማን ወሰደው? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ እንጀራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነውና «ኢንተርኔቱ ሞቷል» ተብዬ ስጠራ ብዙ ጊዜ መስመሩም ሕያው፣ ሞደሙም ጤነኛ፣ ኮምፒውተሩም ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። የጎደለው ፈቃድ ነው። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ያንን መሣሪያ እንዲያዝዝ፣ በተቀመጠው የይለፍ ቃል እንዲገባ ማንም አልፈቀደለትም። ማሽኑ ደግሞ ያልተፈቀደለትን ሲከለክል ምክንያቱን በሰው ቋንቋ አያስረዳም፤ ቁጥር ጽፎ ዝም ይላል። ቁጥሩን የሚያነብ ሲጠፋ «ሲስተም የለም» ይባላል፣ ባለጉዳዩም በዚያ ሙቀት ወደመጣበት ይመለሳል። ይኼ ነገር ያንገበግበኛል፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ለምን በድሬዳዋ ጀመርክ ትለኝ ይሆናል። ይህችን ከተማ ከተማ ያደረጋት መስመር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱን ትቶ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ፣ በፈረንጆቹ 1902 መሆኑ ነው፣ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። በዚያው በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመርም ተዘርግቷል። ባቡርም ስልክም ወደዚህ አቅጣጫ ቀድመው መጥተዋል ማለት ነው። የዛሬውን ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስታይ ያው የድሮው ታሪክ ሲቀጥል ታያለህ። በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ፣ 15 ትልልቅ ሼዶች ቆመውበታል፤ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በዚሁ በድሬዳዋ ሥራ ጀመረ። በዚያው ወር፣ ነሐሴ 23 ቀን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የሙከራ አገልግሎቱን በመላ አገሪቱ መጀመሪያ የከፈተው በድሬዳዋ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ክረምት ውስጥ!

እና ከጅቡቲ ኮንቴይነር ሲመጣ ዕቃው ብቻውን አይመጣም፤ ወረቀቱ ይከተለዋል። ያ ወረቀት አሁን ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። አንዲት ዴስክቶፕ አልገናኝም ስትል የጭነት መኪናው በር ላይ ይቆማል፣ ሾፌሩ ጥላ ፍለጋ ይወርዳል፣ ሼዱ ውስጥ ጥሬ ዕቃ የሚጠብቁ ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የአንዲት ኮምፒውተር ፈቃድ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ይህ የፈቃድ ጣጣ በደንብ የሚታየው ዳያል አፕ በሚባለው፣ ሞደም እየደወለ በሚያገናኘው ኢንተርኔት ላይ ነው። እሱ ግን አርጅቶ ሞቷል አይደል? በስልክ ሽቦ የሚደወለው፣ አዎን፣ አልፎበታል። አሜሪካዊው ኤኦኤል እንኳ የስልክ መስመር ኢንተርኔቱን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ዘግቶታል። ወደ እኛ አገር ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. በቴሌ በኩል ነበር፤ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በስልክ የሚደወል የኢሜይል አገልግሎት ነበረው፣ ለምርምርና ለእርዳታ ሥራ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ያኔ መልእክት ተጽፎ ይከማችና ሞደሙ ደውሎ በአንድ ጊዜ ያደርሰዋል። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር ያ ትውልድ ያውቀዋል።

ድምፁንስ ታስታውሳለህ? ያንን ጩኸትና ጭረት! ብዙ ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለው ነበር። ሁለቱ ሞደሞች እየተነጋገሩ ነበር እኮ። መጀመሪያ የሚሰማው ረጅም ፉጨት 2,100 ኸርዝ ያህል ሲሆን፣ በስልክ ኔትወርኩ ላይ ያሉትን የገደል ማሚቶ ማጥፊያዎች «ለጊዜው ሥራችሁን አቁሙ፣ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው የሚያወራው» ይላቸዋል። ከዚያ በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ይሟገታሉ፤ መስመሩ ንጹሕ ከሆነ ወደ 56 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይጠጋሉ፣ ሽቦው እርጥበት ካለው ወይም መጋጠሚያው ከዛገ ዝቅ እያሉ ይስማማሉ። በ56 ኪሎ ቢት አንድ ሜጋ ባይት ለማውረድ፣ ምንም ሳይቋረጥ እንኳ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። አንድ ፎቶ እስኪመጣ ቡና ማፍላት ይቻል ነበር። ይልቅ ስኒህን አቀብለኝ፣ ቶናው ደርሷል።

የት ነበርን? አዎ፣ ዳያል አፕ ጨርሶ አልሞተም ልልህ ነበር። ለመጠባበቂያ የሚያዘውን ዩኤስቢ ዶንግል ታውቀዋለህ፤ ሲም ካርድ የሚገባበትን። ፋይበሩ ሲቋረጥ ከመሳቢያ ይወጣል። ከነዚህ ዶንግሎች ብዙዎቹ፣ በተለይ የቆዩት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰኩ ራሳቸውን ሞደም ነኝ ብለው ነው የሚያስተዋውቁት። «አገናኝ» ስትለው ከጀርባ *99# ይደውላል፤ በሲዲኤምኤ ዘመን ደግሞ #777 ነበር። ስልክ መደወል ማለት ነው፤ ጩኸቱ ብቻ ቀርቷል። አዳዲሶቹ ራሳቸውን የኔትወርክ ካርድ አስመስለው ስለሚገቡ ይህ አይታይባቸውም፤ እዚሁ ከተማችን ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብተህ ርካሽ ብለህ የምትገዛው አሮጌ ዶንግል ግን ያው የድሮው ዳያል አፕ ነው፣ ከነስህተት ቁጥሮቹ።

ቁጥሮቹን ላስተዋውቅህ፤ ከተዋወቅሃቸው አያስፈሩም። 680 ካየህ «የመደወያ ድምፅ አልሰማሁም» ማለቱ ነው። በሽቦ ስልክ ዘመን ይህ ሲመጣ መጀመሪያ ወዴት ማየት ነበረብህ? ሶፍትዌሩን ከመነካካትህ በፊት ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ። ሞደሙ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ከግድግዳ የሚመጣው መስመር የሚገባበት፣ ሌላው የስልክ ቀፎ የሚሰካበት። ሁለቱ መልካቸው አንድ ነው፤ የተሳሳተው ውስጥ የተሰካ ሽቦ ስንቱን ሰው ዊንዶውስ እንዳስጫነው! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይኼ ነው። ሽቦው ልክ ሆኖም 680 ከቀጠለ ቢሮው ስዊችቦርድ እንዳለው ጠይቅ። በስዊችቦርድ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ከተለመደው ስለሚለይ ሞደሙ አያውቀውም፤ «ድምፅ ሳትጠብቅ ደውል» የሚለውን ምርጫ ትሰጠዋለህ። ወደ ውጭ ለመውጣት 9 ወይም 0 የሚያስደውል ከሆነም ከቁጥሩ በፊት እሱን ጽፈህ አንድ የእንግሊዝኛ ኮማ ታደርጋለህ። ኮማዋ ሞደሙን ለሁለት ሰከንድ ያህል ታስቆመዋለች፣ መስመሩ እስኪከፈት። አንዲት ኮማ ሥራ ስትታደግ አየህ?

676 መስመሩ ተይዟል ማለት ነው፣ 678 ከወዲያኛው ጫፍ የሚመልስ የለም። በነዚህ ላይ አንተ የምታደርገው ብዙ የለም፣ ቆይተህ መሞከር ነው። 633 ግን ልብ ይሏል። ሞደሙ ወይ በትክክል አልተጫነም፣ ወይ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ማን ይዞት ይሆን? ጥሪ የሚጠብቅ የፋክስ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፣ ዶንግሉ ራሱ ይዞት የመጣው ማገናኛ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ጠዋት የሠራው ሰው ከመለያው ሳይወጣ ስክሪኑን ብቻ ቀይሮ ሄዷል፤ የእሱ ግንኙነት ከጀርባ ሆኖ ሞደሙን አልለቀቀም። ከሰዓት በኋላ የገባው ባልደረባው ደግሞ ዶንግሉን እየነቀለ እየሰካ ይለፋል።

አሁን ወደ 691 ልውሰድህ፤ የጨዋታችን እምብርት እሱ ነው። 691 «የተጠቃሚው ስም ወይም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም፣ ወይም መግባት አልተፈቀደልህም» ይላል። በፓርኩ አጥር ውስጥ ካሉ ቢሮዎች በአንዱ ይህ ቁጥር ገጠመኝ። ኮምፒውተሩን ሦስት ሰዎች በፈረቃ ይጠቀሙበታል። ኃላፊው ሲገባ ይገናኛል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስትገባ 691። ኃላፊው ቅን ሰው ነው፣ «እኔ ስነካው ይሠራል፣ እሷ ስትነካው ይበላሻል፤ እጇ ላይ ነገር አለ» ብሎ በዋዛ ይተርካል፣ እሷ ግን ፊቷ ቀልቷል። እንደዚህ ዓይነት ነገር ሰው ላይ ሲለጠፍ አልወድም። ምስጢሩ ምን ነበር መሰለህ? ግንኙነቱን መጀመሪያ የሠራው ኃላፊው ነበር፤ ዊንዶውስ የይለፍ ቃሉን ሲያስቀምጥ «ለእኔ ብቻ» ወይስ «ይህን ኮምፒውተር ለሚጠቀም ሁሉ» ብሎ ጠይቆታል። እሱ የመጀመሪያውን መረጠ፣ እንደማንኛችንም ሳያነብ። ሠራተኛዋ ስትገባ ማገናኛውን ታየዋለች፣ የይለፍ ቃሉ ቦታ ግን ለእሷ ባዶ ነው። ባዶ የይለፍ ቃል ደግሞ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ነው። ለዚያች ሴት የጎደላት አንድ ምርጫ ነበር፤ ተቀየረላት፣ ተገናኘች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ማገናኛው ሲሠራም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ፤ «ለእኔ ብቻ ይሁን ወይስ ለሁሉም?» ይላል። ለሁሉም የሚለውን መምረጥ የሚችለው የአድሚን ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ተራ መለያ ይዞ የገባ ሠራተኛ ቢሠራው ለራሱ ብቻ ይሆናል፣ ቀጣዩ ፈረቃ ሲገባ ማገናኛው ራሱ አይታየውም። ያኔ «ማታ ነበረ፣ ጠዋት ጠፋ» ይባላል። አልጠፋም፤ የሌላ ሰው ነው።

«ታዲያ ሁሉንም አድሚን አድርጋቸውና ተገላገል!» ትለኝ ይሆናል። ብዙ ቢሮ ያደረገው ይህንን ነው። አንድ መለያ፣ አንድ የይለፍ ቃል፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት የተለጠፈ። ግን የቤትህን በር ቁልፍ፣ የጓዳውን ቁልፍና የሣጥኑን ቁልፍ በአንድ ቀለበት አስረህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትሰጣለህ? አትሰጥም። እንግዳው ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ጓዳ የሚያስገባው ጉዳይ ስለሌለው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። በዳያል አፕ ዘመን በዓለም ዙሪያ ሰውን ያስለቀሰ «ዳያለር» የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ነበር፤ አድሚን ሆነህ በገባህበት ሰዓት ሾልኮ ይገባና የሚደወለውን ቁጥር ይለውጠዋል። ሞደምህ ወደ አገልግሎት ሰጪህ የሚደውል ሲመስልህ ወደ ሩቅ አገር ውድ ቁጥር ይደውላል፣ በወሩ መጨረሻ ቢሉን ስታይ ነው የምታውቀው። እኛ አገር ደግሞ የፍላሽ ቫይረስ ያደረሰውን አንተም አትረሳውም፤ ከኢንተርኔት ካፌ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ፎልደሮቻችንን ሾርትከት እያደረገ የዞረውን። ተራ መለያ ይዘህ ብትገባ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ አንተው ጋ ይቀራል፤ አድሚን ሆነህ ከገባህ ለሁሉም ይተርፋል።

በተቃራኒው ያለውንም አልወደውም። የአድሚኑ ይለፍ ቃል በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለበት ቢሮ አለ። ያ ሰው ለቅሶ ሄደ፣ ስልኩ ዝግ ነው፤ ዶንግሉ ድራይቨር ይጫንልኝ ይላል፣ ድራይቨር ለመጫን አድሚን ያስፈልጋል፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ያ የይለፍ ቃል በታሸገ ኤንቨሎፕ ሆኖ ካዝና ውስጥ ቢቀመጥ፣ በተከፈተ ቁጥር ማን እንደከፈተው ቢፈረምበት ምን ይጎድላል? ደግሞም መካከለኛ መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። ዊንዶውስ ውስጥ የኔትወርክ ቅንብር ብቻ መለወጥ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች የተዘጋጀ ቡድን አለ፤ «ኔትወርክ ኮንፊጊሬሽን ኦፕሬተርስ» ይባላል። የፈረቃ ኃላፊዎችህን እዚያ ብታስገባቸው ግንኙነቱን ማስተካከል ይችላሉ፣ ፕሮግራም መጫንና የሌላውን ፋይል መክፈት ግን አይችሉም። ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው መስጠት ማለት ይኸው ነው።

ስለ ሊኑክስም ሳላነሳ ብቀር ቅር ይለኛል፤ እሱን የሚወዱ ልጆች በዚህች ከተማም አሉና። ኡቡንቱ ላይ «ዳያልአውት» የሚባል የተጠቃሚዎች ቡድን አለ። ስሙ እንደሚነግርህ የተፈጠረው ለደዋይ ሞደም ነው፤ ማን መደወል እንደተፈቀደለት የሚለየው እሱ ነው። ስልኩ ከቀረ በኋላም ቡድኑ አልቀረም። ለምን? ያ ቡድን የሚጠብቀው የሲሪያል መስመሩን በሙሉ ስለሆነ ነው፤ በዚያ መስመር ላይ የሚንጠለጠል ዕቃ ሁሉ በእሱ ሥር ነው። የኢንዱስትሪ ሥራ ደግሞ ሲሪያል ይወዳል። ሚዛን፣ ባርኮድ ማንበቢያ፣ አንዳንድ የማሽን መቆጣጠሪያ፣ ዛሬም በዚያ መስመር ያወራሉ፤ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ይደረግላቸዋል እንጂ ንግግራቸው ያው ነው።

እና በአንድ መጋዘን ሚዛኑ ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ አልሰጥ አለ። ገመዱ ተቀየረ፣ መቀየሪያው ተገዛ፣ ሚዛኑ ራሱ ሊፈታ ምንም አልቀረውም። ስክሪኑ ላይ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል፤ አልተፈቀደልህም እያለው። አዲሱ የመጋዘን ሠራተኛ መለያ ተከፍቶለታል፣ «ዳያልአውት» ውስጥ ግን አልገባም። ስሙ ተጨመረ። ወዲያው ሠራ? አልሠራም፤ ይህችን ያዝልኝ። ሊኑክስ ማን በየትኛው ቡድን እንዳለ የሚያየው ሲገባ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከመለያው ወጥቶ እንደገና መግባት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ይኼም አልሆነም» ብሎ ያደረገውን ያፈርሳል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ወጥቶ ሲገባ ሚዛኑ አወራ። ሌላም አደራ አለኝ፤ በ«ዩዘርሞድ» ትእዛዝ ሰው ወደ ቡድን ስትጨምር «ጨምር» የምትለዋን የእንግሊዝኛ «ኤ» ፊደል አትርሳ። ከረሳሃት ሰውየውን ቀድሞ ከነበረባቸው ሌሎች ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ታስወጣዋለህ፤ የአድሚን ሥልጣኑም በዚያው ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛውን ልቅዳልህ? በረካን ማን እምቢ ይላል!

አንድ የቀረኝ ነገር ስለሚለቁ ሰዎች ነው። በፋብሪካ ሥራ ሰው ይገባል ይወጣል፣ በድሬዳዋም በሌላም። ሠራተኛው ሲለቅ የመግቢያ ባጅህን መልስ እንለዋለን፣ የቢሮ ቁልፉን እንቀበላለን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ስሙን ግን አንነካውም። ከርሞ ከርሞ ያ ስም ባለቤት የሌለው በር ይሆናል። ሌላው ኃላፊ ደግሞ ለመጠንቀቅ ብሎ ሠራተኛው በለቀቀበት ቀን መለያውን ጠራርጎ ያጠፋዋል፤ ከዚያ የዶንግሉ ማገናኛ ጠፋ፣ የደብዳቤዎቹ ፎልደር ጠፋ፣ ለካ ሁሉም በእሱ ስም ሥር ነበር። ስለዚህ ወዳጄ፣ በዚያው ቀን መለያውን ዝጋው እንጂ አታጥፋው፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም መዝጋትን ከማጥፋት ለይተው ያውቃሉ። ለሁሉም የሚያስፈልገውን ማገናኛ በአድሚን መለያ ለሁሉም አድርገህ እንደገና ሥራው፣ ፋይሎቹን ወደሚተካው ሰው አዛውር፣ ተኪውም በራሱ ስም ገብቶ አንተ አጠገቡ ቆመህ እያለ አንዴ ይገናኝ። 691 ከመጣ ያኔ ይምጣ፣ መኪናው በር ላይ ሳይቆም።